ከኤድመንተን እስከ አርክቲክ በሚኒቫን፦ ከእናትና ከልጆች ጋር ያዋጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ባለቤቴ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ አብረን ነን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ግፊትና ስኳር አለባት። ኦገስት 1 ተነስተን በአላስካ ሃይዌይ ወደ ሰሜን ዩኮን ግዛት እንገባለን፤ ከዚያ በዴምፕስተር የጠጠር መንገድ አድርገን አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ተክቶያክተክ ደርሰን በ12 ቀን ልንመለስ አስበናል። መኪናችን የ2019 ቶዮታ ሲዬና ናት፤ ጎማዋ ደህና ነው። ይቻላል? ምን እንያዝ?»

ወንድሜ፣ ሥራዬ ከባድ መኪና ነው። ከኤድመንተን ወደ ኋይትሆርስ ጭነት አመላልሳለሁ፤ በሰመር ዴምፕስተርንም እወጣለሁ። ስለዚህ ሳላሽሞነሙን ልንገርህ። እስከ ዳውሰን ሲቲ ሄዳችሁ፣ ቱምስቶን የሚባለውን ፓርክ አይታችሁ ለመመለስ መኪናህም ቤተሰብህም ይበቃሉ። ተክቶያክተክን ግን ለዘንድሮ ተወው።

በቁጥር እንየው። ከኤድመንተን ኋይትሆርስ 2,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከኋይትሆርስ ዳውሰን ሲቲ 530። ከዳውሰን ኢኑቪክ (የዴምፕስተር ማብቂያ ከተማ) 775 ያህል፤ ከኢኑቪክ ተክቶያክተክ 140። ደምረው፤ መሄጃው ብቻ ወደ 3,450 ይጠጋል፣ ደርሶ መልሱ 6,900። ለ12 ቀን ስታካፍለው በቀን 575 ኪሎሜትር ይደርስሃል። ያውም አንድ ቀን ሳታርፍ፣ ጀልባ ሳትጠብቅ፣ ጎማ ሳይተነፍስብህ፣ ልጅ «ሽንቴ መጣ» ሳይልህ ነው። ከዚህ ውስጥ 1,750 ያህሉ ጠጠር ነው። ጠጠር ላይ ጤነኛ ሰው በሰዓት ከ60 እስከ 70 ነው የሚነዳው። ካልጋሪን በሦስት ሰዓት ደርሶ የለመደ ሰው ይህን ሂሳብ ሲሠራ ይሳሳታል።

እዚያ አገር ሰውን የሚጎዳው ርቀቱ አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። የዴምፕስተር መንገድ ስሙን ያገኘበት ታሪክ ራሱ የጥድፊያ ታሪክ ነው። በዲሴምበር 1910 አራት ፖሊሶች፣ በኢንስፔክተር ፍራንሲስ ፊትዝጄራልድ መሪነት፣ በውሻ ስሌድ ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዳውሰን ተነሱ። ቶሎ ለመድረስ ብለው ስንቁን ቀነሱት። መንገዱን የሚያውቅ ኢሳው ጆርጅ የሚባል የግዊቺን (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) ተወላጅ ለጥቂት ቀን ቀጥረው ነበር፤ እሱንም አሰናበቱት። ከዚያ መታጠፊያዋን ወንዝ አጧት። ሲፈልጉ ሲፈልጉ ስንቅ አለቀ። ወደኋላ ተመለሱ፤ ውሾቻቸውን እየበሉ ተጓዙ። ፎርት ማክፈርሰን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አራቱም አለቁ። በማርች 1911 ሬሳቸውን ያገኘው ኮርፖራል ጃክ ዴምፕስተር ነው። መንገዱ የሱን ስም ይዟል።

ዛሬ በእርግጥ መንገድ አለ። በ1979 ተከፈተ፤ 740 ኪሎሜትር ያህል ጠጠር ነው። ከኢኑቪክ ተክቶያክተክ ያለው ደግሞ በኖቬምበር 2017 ነው የተከፈተው። በሰመር ሁለት ወንዞችን በጀልባ ትሻገራለህ፤ ፒልን እና ማኬንዚን። ውሃው ሲሞላ ወይም ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ እጠብቃለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ አልጋ አለኝ፣ ለሥራዬም ይከፈለኛል። አንተ ግን ከስኳር በሽተኛ እናትና ከሁለት ልጆች ጋር ነህ፤ ቢሮህም ሰኞ ይጠብቅሃል።

ከዳውሰን ስትወጣ የመጀመሪያው ነዳጅ አስተማማኝ ሆኖ የሚገኘው ኢግል ፕሌንስ ላይ ነው፤ የዴምፕስተር 369ኛ ኪሎሜትር። ከዳውሰን ወደ 410 ኪሎሜትር ማለት ነው። ሲዬናህ ሙሉ ነዳጅ ይዛ ትደርሳለች። ችግሩ ነዳጅ አይደለም፣ ጎማ ነው። የዴምፕስተር ድንጋይ ስለታም ነው። መንገድ የሚያስተካክለው ግሬደር ካለፈበት በኋላ ደግሞ የተሳለው ፊቱ ወደ ላይ ዞሮ ይቀራል። አቧራ እንዳይነሳ ካልሲየም ክሎራይድ ይረጩበታል፤ ደረቅ ሲሆን አስፋልት ይመስልሃል። አንድ ዝናብ ካገኘው ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ልታየው ትችላለህ።

«ጎማዋ ደህና ነው» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። የከተማ ጎማ ጎኑ ስስ ነው። እዚያ ደግሞ የሚቀደደው መሃሉ ሳይሆን ጎኑ ነው፤ ጎኑ ከተቀደደ ጎሚስታም አይጠግነውም። ከስር የተንጠለጠለችው ትንሿ ስኮርታ ለከተማ ናት፤ ከ80 በላይ እንዳትነዳባት ራሷ ላይ ተጽፏል። በዚያች ስኮርታ ጭነት ሞልተህ 200 ኪሎሜትር ጠጠር አትገፋም። ቱምስቶን ድረስ ብቻ ብትገባም እንኳን ሙሉ ስኮርታ ከነቸርኬው ግዛ። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ልኩ ብቻ አንድ ይሁን። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ቤትህ በር ላይ አንድ ጎማ ፈትተህ መልሰህ እሰር። ብሎኑ ዝጎ እምቢ እንደሚል ማወቅ ያለብህ ኤድመንተን ላይ ነው። ክሪኩ ጠጠር ውስጥ እንዳይሰምጥ የመጽሐፍ ስፋት ያላት ወፍራም ጣውላ ያዝ። በመኪናው ሶኬት የሚሠራ መንፊያና የጎማ መድፈኛ ጨምር። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሌሊት ሆቴል ብዙም አይበልጥም። መኪና በጎታች ከዴምፕስተር ማስወጣት ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

መኪና ልከራይ ካልክ ውሉን አንብብ። አብዛኞቹ የኪራይ ውሎች ጠጠር መንገድን ይከለክላሉ። አንድ ነገር ከሆንክ ኢንሹራንሱ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ የምመክርህ ጉዞ ይኸው። ከኤድመንተን ዳውሰን ሲቲ፣ ቱምስቶን፣ ከዚያ መመለስ፤ ወደ 5,300 ኪሎሜትር ነው። 12 ቀኑን 14 አድርገው። ካልሆነልህ በ12ም ይወጣል፤ መልሱ ላይ ግን በቀን ከ500 በላይ ትነዳለህ፤ ባለቤትህ ካላገዘችህ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ቀን አሰልቺ ነው። በግራንድ ፕሬሪ አድርገህ 590 ኪሎሜትር ነድተህ ዳውሰን ክሪክ ትገባለህ። የአላስካ ሃይዌይ ዜሮ ማይል እዚያ ነው። (ዳውሰን ክሪክ ሌላ፣ ዳውሰን ሲቲ ሌላ። በመሃላቸው ወደ 1,950 ኪሎሜትር አለ። ሆቴል ስትይዝ ከተማውን አይተህ ክፈል።) ሁለተኛው ቀን ፎርት ኔልሰን እደር። አጭር ቀን ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያሳጠርኩልህ። ፎርት ኔልሰን ላይ ነዳጅ ሙላ፣ አስቤዛህን አሟላ፣ ጎማህን እይ። ከዚያ በኋላ እስከ ዋትሰን ሌክ ድረስ 510 ኪሎሜትር ያህል ከተማ የሚባል የለም።

በዚህ ሁለተኛ ቀን ላይ ሲካኒ ቺፍ የሚባል ወንዝ ትሻገራላችሁ። እዚያ ቁሙና ለልጆቹ ይህን ንገራቸው። መንገዱን የሠራው የአሜሪካ ጦር ነው፤ በ1942፣ ጃፓን አላስካን ትይዛለች በሚል ስጋት። ከማርች እስከ ኦክቶበር፣ ስምንት ወር ባልበለጠ ጊዜ ጫካውንና ረግረጉን ጥሰው ሁለቱን ጫፍ አገናኙት። ከ10,000 በላይ ወታደር ተሰማርቷል፤ ሲሶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ጦሩ ያኔ በዘር የተከፋፈለ ስለነበር 93ኛ፣ 95ኛ እና 97ኛ የሚባሉ የጥቁር መሐንዲስ ሬጅመንቶች ሆነው ነው የመጡት። ብዙዎቹ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጡ፣ እንዲህ ያለ ብርድ በሕይወታቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ናቸው። 95ኛው ሲካኒ ቺፍ ላይ የእንጨት ድልድይ የሠራው አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ ነው። ዶዘር ለነጮቹ ክፍሎች ቅድሚያ ይሰጥ ስለነበር ብዙውን በእጅ መሣሪያ ነው የሠሩት። ለረጅም ዘመን ስማቸው ሳይነሳ ቀርቷል። ካናዳ ውስጥ የሚያድጉ ጥቁር ልጆች ይህን መኪና ውስጥ ሆነው ሳይሆን ቦታው ላይ ቆመው ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ሁሉ ውቡ ነው። ከፎርት ኔልሰን ተነስተህ ሰሚት ሌክ ላይ የሃይዌዩን ከፍተኛ ቦታ ታልፋለህ፤ ወደ 1,300 ሜትር ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ በለው። ቶድ ሪቨር ላይ ጣሪያው ሙሉ በኮፍያ የተሸፈነ ሎጅ አለ፤ ልጆች ይወዱታል። ሙንቾ ሌክ አካባቢ የዱር በጎች መንገዱ ላይ ወጥተው ጨውና ማዕድን ይልሳሉ። ጥግ ስትዞር ድንገት ልታገኛቸው ስለምትችል ቀስ በል። እንደዚህ ነድተህ ከ310 ኪሎሜትር በኋላ ሊያርድ ፍልውሃ ትደርሳለህ። እዚያው እደር።

ሊያርድን ለእናትህ ነው ያሰብኩት። ሶደሬን ወይም ወንዶ ገነትን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ደስታው ሌላ ነው። በረግረግ ላይ በተነጠፈ የእንጨት መንገድ 700 ሜትር ያህል በእግር ትሄዳላችሁ፤ ሜዳ ነው፣ እሳቸውም ይችሉታል። ውሃው ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል። ምንጩ ያለበት ጫፍ ያቃጥላል፤ ወደ ታች ስትወርድ ለብ ይላል። ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው የታችኛው ጫፍ ነው የሚሻለው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ሙቀት በደንብ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንተ ግባና ውሃውን ለካላቸው። ሲወጡም ቀስ ብለው ይውጡ፣ ራስ ያዞራል። አካባቢው ድብና ሙስ (ግዙፍ አጋዘን) የሚመላለስበት ስለሆነ ልጆቹ ብቻቸውን ወደፊት አይሩጡ።

ከሊያርድ እስከ ዋትሰን ሌክ ባለው መንገድ ጎሽ አለ፤ ፈረንጆቹ ባይሰን የሚሉት። በመንጋ ሆኖ መንገድ ዳር ይግጣል፤ አንዳንዴ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ወንዱ ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል። ክላክስ አታሰማ፣ ለፎቶም አትውረድ። ቁም፣ ሲበቃው ይሄዳል። በቀን ችግር የለውም። ማታ ግን ጥቁር እንስሳ በጥቁር አስፋልት ላይ ነው፤ በመብራትህ የምታየው ዘግይተህ ነው። ሹፌሮች የምንፈራው ከድቡ ይልቅ እሱን ነው። ለዚህ ነው ከእራት በኋላ እዚያ መስመር ላይ አትንዳ የምልህ።

ዋትሰን ሌክ ላይ የታፔላ ጫካ አለ። በ1942 ካርል ሊንድሊ የተባለ አገሩ የናፈቀው አሜሪካዊ ወታደር የከተማውን ስም ጽፎ ርቀቱን አመልክቶ ሰቀለ። ሌላውም ተከተለ። ዛሬ ከ80,000 በላይ ታፔላ አለ። ማንም የራሱን መስቀል ይችላል። ልጆቹ ቤት ሳላችሁ አንድ ጣውላ ላይ የእናትህን ትውልድ ቦታ በአማርኛ ይጻፉ፤ ቀለሙ ዝናብ የሚችል ይሁን። ሚስማርና መዶሻ ከዕቃው ጋር አስገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ቴስሊን እደር፣ በማግስቱ ኋይትሆርስ ግባና ግማሽ ቀን እረፍ። ልብስ እጠቡ፣ ልጆቹ ይሩጡ፣ እናትህ ጋደም ይበሉ። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው፤ ሰመር ላይ ግን ጥገና አለ። አስፋልቱን አንስተው ለጥቂት ኪሎሜትር ጠጠር ያደርጉታል፤ መሪ መኪና ተከትለህ ታልፋለህ። የፊት መስታወት የሚሰነጠቀው ይኼኔ ነው። ከፊትህ ከባድ መኪና ሲመጣ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ቀኝህን ያዝ። ወደ ዳሩ ግን ከመጠን በላይ አትጠጋ፤ ጠጠር መንገድ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ ጎትቶ ያስገባሃል። መብራትህ ቀንም ሌሊትም ይብራ።

ነዳጅን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፤ ግማሽ ሲደርስ ቅዳ። በድሮ ካርታ ላይ ያሉ ብዙ ሎጆች ተዘግተዋል። «ወደፊት ይረክሳል» ብለህ ማደያ አትለፍ፤ ሊረክስም፣ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።

አሁን ወደ ምግብ ልግባ፤ እሱ ላይ ብዙ አበሻ ይቸገራል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፣ ማለትም ኦገስት 7። ያኔ እናንተ ዳውሰን አካባቢ ናችሁ። እናትህ የሚጾሙ ከሆነ በየሎጁ የሚያገኙት በርገር፣ እንቁላልና ቅቤ የጠጣ ዳቦ ነው። ከጥብስ ድንችና ከሻይ በቀር የሚቀመስ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከቤት ያዙ። እንጀራ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ይሻግታል። ድርቆሽ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል። አንድ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይትና በርበሬ ካለህ የድርቆሽ ፍርፍር በ15 ደቂቃ ይደርሳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተዘጋጀ ሽሮ ጨምር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት ረጅም ጊዜ ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩበት። ጁስና ከረሜላ ግን ከእሳቸው መቀመጫ አጠገብ አይጥፋ።

ቡና የግድ ነው፣ ይገባኛል። ጀበናውን በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። ግን በእሳት አትመካ። ደረቅ ሲሆን እሳት ማንደድ ይከለከላል፤ ያኔ የጋዝ ምድጃ ተፈቅዶ የእንጨት እሳት ክልክል ሊሆን ስለሚችል ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዝ። ክልከላ ከሌለ ደግሞ በዩኮን መንግሥት ካምፖች ማገዶው ከማደሪያው ክፍያ ጋር ነው፤ ከቤት አትጫን።

ድብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የሚሸት ነገር በሙሉ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሳሙናውም፣ የጥርስ ሳሙናውም፣ የቅቤ ዕቃውም፣ ወጥ የተሠራበት ድስትም። ድንኳን ውስጥ ቆሎ እየቆረጠሙ መተኛት አይሆንም። የድብ ስፕሬይ ገዝተህ አያያዙን ተለማመድ። ድንኳን ላይ የሚረጭ እንዳይመስልህ፤ ድቡ ሲጠጋ ፊቱ ላይ ነው የሚረጨው።

የእናትህን መድኃኒት በሁለት ቦታ ከፍለህ ያዝ፤ ግማሹ በእሳቸው ቦርሳ፣ ግማሹ በአንተ። ብዛቱ ከጉዞው በአንድ ሳምንት የሚተርፍ ይሁን። ኢንሱሊን ካላቸው በረዶ እንዳይነካው በጨርቅ ለይተህ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አድርገው፤ ወደ በረዶነት ከተለወጠ በኋላ አይሠራም። በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን አቁምና ወርደው ይንቀሳቀሱ፤ ረጅም መቀመጥ ለእግራቸው ጥሩ አይደለም። ሆስፒታል ፎርት ኔልሰን፣ ዋትሰን ሌክ፣ ኋይትሆርስና ዳውሰን ሲቲ አለ። በመሃል ሌላ ሆስፒታል የለም። እሳቸው የጎብኚ ኢንሹራንስ ካላቸው ዩኮንን መሸፈኑንና የአየር አምቡላንስ ማካተቱን ደውለህ ጠይቅ። እናንተም ብትሆኑ የአልበርታ የጤና ካርዳችሁ ከክፍለ ሀገር ውጪ አምቡላንስ አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

መጸዳጃ ቤቱ በየመንገዱ ያለው ጉድጓድ ነው። ንጹሕ ነው፣ ግን ወረቀትና የእጅ ማጽጃ ያዝ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ለእሳቸውም ለልጆቹም። ኦገስት መጀመሪያ ዳውሰን ላይ ማታ በአራት ሰዓትም ብርሃን ነው። ልጆች «ገና አልመሸም» ብለው አይተኙም፤ ጥቁር ጨርቅ ለመስኮት ያዝ። ወባ ባይኖርም ትንኙ አያስቀምጥም።

ስልክ ከከተማ ወጥተህ ጥቂት ኪሎሜትር ስትሄድ ይጠፋል። ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ አውርድ። «አይፎኔ በሳተላይት ይደውላል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አምራቹ ራሱ ከ62ኛ ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ላይሠራ ይችላል ይላል። ኋይትሆርስ ከዚያ በታች ናት፤ ዳውሰን ሲቲ ግን በ64 ላይ ነች። ማለትም በጣም የምትፈልገው ቦታ ላይ ሊከዳህ ይችላል። እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያለ የሳተላይት መልእክት መሣሪያ ተከራይ ወይም ተዋስ። እሱ የሚጠቀምበት ሳተላይት ዋልታ ድረስ ይሸፍናል።

ከሁሉም በላይ ጉዞህን ሊያበላሽ የሚችለው የሰደድ እሳት ነው። በሜይ 2024 ፎርት ኔልሰን ከተማ በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ ከተዘጋ በአቋራጭ የሚባል የለም። ያለው ሌላ አማራጭ ከዋትሰን ሌክ ምዕራብ የሚገነጠለው ካሲያር ሃይዌይ ነው፤ ከ720 ኪሎሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዶ ኪትዋንጋ ላይ ይወጣል። ከዚያ በጃስፐር አድርገህ ኤድመንተን ትገባለህ። ጠዋት ጠዋት ከመነሳትህ በፊት የመንገድ መረጃ ድረ ገጾቹን፣ ለብሪትሽ ኮሎምቢያ ድራይቭቢሲን፣ ለዩኮን 511ን አይ። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ጨምር ያልኩህ። መጠባበቂያ ቀን ያለው ሰው ሎጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ የሌለው በጭስ ውስጥ ይነዳል።

ዳውሰን ሲቲ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ። በ1896 እዚያው አጠገብ ቦናንዛ ክሪክ ላይ ወርቅ ተገኘና በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 30,000 ሰው ተመመ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። መንገዷ አፈር፣ የእግር መንገዷ እንጨት ነው፤ ከስር ያለው መሬት የቀዘቀዘ ስለሆነ። በረዶው ሲቀልጥ ያዘመሙ አሮጌ ቤቶች ታያላችሁ። ቦናንዛ ላይ ክሌም 6 የሚባል ቦታ ማንም በነጻ ወርቅ አጥቦ ያገኘውን ይወስዳል። ልጆቹን ከዚያ ማስነሳት ይከብድሃል። ሆቴሉን ዛሬውኑ ያዝ፤ በተለይ ጉዞህ ወደ ኦገስት አጋማሽ ከተገፋ የወርቁ በዓል አለ፣ አልጋ አይገኝም።

ሁለተኛውን ቀን ለቱምስቶን አድርገው። ከዳውሰን ሄደህ 40 ኪሎሜትር ላይ ዴምፕስተር ይገነጠላል፤ ከዚያ 71 ኪሎሜትር ጠጠር ገብተህ የፓርኩ ማዕከል ትደርሳለህ። ዴምፕስተር የሚባለው ምን እንደሆነ በደንብ ታያለህ፤ ዛፉ ያልቃል፣ ሸንተረሩ ይከፈታል፣ ተራራው ጥርስ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። እናትህ ማዕከሉ ውስጥ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ እናንተ በእግር ዞር ዞር ትላላችሁ። ማታ ዳውሰን አልጋችሁ ላይ ናችሁ። ዝናብ ከሆነ አትግባ፤ ሳሙናው ያልኩህን አስታውስ።

አንድ ሰው ዳውሰን ላይ «ወንዙን በነጻው ጀልባ ተሻገሩና አላስካን እዩ» ይላችኋል። መንገዱ ውብ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ድንበር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የካናዳ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ቢኖረውም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። እናትህም እንደዚያው። ሁላችሁም ወረቀት ከሌላችሁ አትሞክሩት፤ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ጠጠር ነድቶ መመለስ ነው ትርፉ።

ስትመለስ ኋይትሆርስ ላይ መኪናውን አሳጥብ፤ ላዩን ብቻ ሳይሆን ከስሩ። የዴምፕስተር ጭቃ ካልሲየሙ ስላለበት ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ብረትም ይበላል። ቸርኬ ውስጥ ከደረቀ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ባላንሱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። የጎማውን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ አራግፍ። የፊት መስታወቱ ላይ የጠጠር ምልክት ካለ እዚያው አስደፍነው፤ ኤድመንተን እስክትደርስ ከቆየ ስንጥቁ ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል።